ቀባሪውን ፍለጋ ወደ ዝዋይ ሜዳ

የእኛ አገር ሰው መንገድ ሲጠየቅ ሁለት ቃል ይበቃዋል፤ ላይ እና ታች። ገበያው ላይ ነው። ወንዙ ታች ነው። የአክስቴ ቤት ከቤታችን በታች፣ ቤተ ክርስቲያኑ ከሁላችን በላይ ነው። ጉም ካልጣለ በስተቀር መንዝ ተወልዶ መንገድ የጠፋው ሰው አላውቅም። ከፍ ያለ ቦታ ወጥቶ ማየት ነው፤ ካልሆነም ውኃውን ተከትሎ መውረድ። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ስለ ዝዋይ ሜዳ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚህ ስለሚነሣ ነው። ብዙዎቻችሁ ወደዚያ አገር እንደማትወርዱ አውቃለሁ። እኔም ወንድሜ ባይሞት ኖሮ አልወርድም ነበር።

ወንድሜ ጋሼ ታደሰ በብዙ ዓመት ይበልጠኝ ነበር። አባታችን ከሞተ በኋላ ያሳደገኝ እሱ ነው። በድርቁ ዘመን ወደ ናዝሬት ወረደ። ቆይቶ ዝዋይ አካባቢ በአንድ የመንግሥት እርሻ ውኃ አጠጪ ሆኖ መቀጠሩን ሰማን። እኔ ደብረ ብርሃን ገብቼ ሁለተኛ ደረጃ የተማርኩት በእሱ ላብ ነው።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሳለሁ፣ በታኅሣሥ፣ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር «ታደሰ በወባ ሞተ» ብሎ ለአንድ ነጋዴ ነገረ፤ ነጋዴው ለአጎቴ ነገረ። ሽማግሌዎች እንደ ወጉ በማለዳ መጥተው መርዶውን አረዱን። ጎረቤቱ ሊያለቅስ ሲነሣ እናቴ እጇን ዘርግታ ከለከለች።

«ማን ቀበረው?» አለች።

ሽማግሌዎቹ አጎቴን አዩት፤ አጎቴ መሬት መሬቱን አየ።

«እንግዲያው ቀባሪውን አምጡልኝ። ያስተኛውን ሰው በዓይኔ ሳላይ በዚህ ቤት ማንም እንዳያለቅስ። በቁሙ ባለ ሰው ላይ ማልቀስ አንድ ጊዜ ይበቃኛል።»

ምን ማለቷ እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። አጎቴ በላቸው፣ የእሷ ታናሽ ወንድም፣ ሚሊሻ ሆኖ ወደ ምሥራቅ ጦር ግንባር ዘምቶ ሳለ ሞተ ተብሎ ተረድታ ነበር። ፊቷን ነጭታ አለቀሰች። ተዝካሩም ተበላ። ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጎቴ እያነከሰ በእግሩ መጣ። እሱ እስካሁን ጠላ ሲቀምስ «የራሴ ተዝካር ጠላ ሳይደርሰኝ መቅረቱ ይቆጨኛል» እያለ ያስቃል። እናቴ ግን ስቃ አታውቅም። ለሕያው ሰው ማልቀስ ሞትን መጥራት ነው ትላለች።

ስለዚህ ቤታችን ሳያለቅስ ከረመ። እንዴት ብዬ ልጻፈው? እንዳይለቀስ ሞቱ አልተረጋገጠም፤ እንዳይሳቅ ሕይወቱም አልተረጋገጠም። እናቴ በየቀኑ እንደ ወትሮዋ ትሠራለች፤ ግን ፊቷ ጠቆረ፤ እህልም አስጠላት። አጎቴ እግሩ አያስኬደውም። የጥር ዕረፍት ሲደርስ ቀባሪውን ፈልጌ እንዳመጣ እኔ ተላክሁ።

ሰኞ

ከመንዟ ሞላሌ እስከ ደብረ ብርሃን በገብስ ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሄድኩ። እናቴ ስትሸኘኝ ባናዋን አሸከመችኝ። ባና ለማታውቁ፣ ከበግ ጠጉር የሚሠራ የመንዝ ብርድ ልብስ ነው፤ ሲከብድ በግ የተሸከሙ ይመስላል።

«እማዬ፣ የምሄደው ቆላ ነው» ብላት፣

«ብርድ የሌለበት አገር የለም። ዝም ብለህ ያዝ» አለችኝ።

የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር የይለፍ ወረቀት ሲጽፍልኝ የመሄጃዬን ምክንያት ጠየቀኝ። ለቅሶ እንዳይባል እናቴ አስጠንቅቃኛለች። «ዘመድ ጥየቃ» ተብሎ ተጻፈ። ወረቀቱን ደረት ኪሴ ከትቼ፣ ጋሼ ታደሰ በሩን ከፍቶ «እንዴት መጣህ?» ሲለኝ እያሰብኩ ደብረ ብርሃን ገባሁ።

ማክሰኞ

በአውቶቡስ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ሌላ አውቶቡስ ወደ ናዝሬት። ከደብረ ዘይት በኋላ መሬቱ እየተዘረጋ ሄደ። ተራራ የለም አልልም፤ ግን ከወንድሞቹ ተጣልቶ ብቻውን እንደ ቆመ ሰው አንዱ እዚያ፣ አንዱ እዚህ ነው። ሞጆ ላይ ቆምን። የጭነት መኪናው ብዛት፣ የቆዳው ሽታ፣ የሾፌሮቹ ጩኸት! መንገዱ እዚያ ለሁለት ይከፈላል፤ አንዱ ወደ ናዝሬት፣ አንዱ ወደ ዝዋይ። እኔ ይህን ሳላውቅ ዝዋይ ከናዝሬት ማዶ ያለች መስሎኝ ሞጆን አለፍኳት። በማግስቱ ያንኑ መንገድ ተመልሼ መጣሁ።

ናዝሬት አውቶቡስ ተራ ስወርድ ሙቀቱ እንደ ምድጃ አፍ ተቀበለኝ። ባናዬ ትከሻዬ ላይ ነው። ጋሪ ነጂዎች ከበቡኝ።

«ወዴት ነህ ወንድሜ?»

«የሞላሌዋ ወይዘሮ ወርቄ ምግብ ቤት። ላይ ነው ታች?»

«ላይ?» አለ አንዱ ዙሪያውን አይቶ። «እዚህ አገር ላይ ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ውጣ፣ ውጣ፣ ፈረሱ ያውቀዋል።»

እትዬ ወርቄ የአገራችን ልጅ ናት። ጋሼ ታደሰ መጀመሪያ ሲወርድ ያሳደረችው እሷ ነበረች። ስታየኝ እጇን ከሊጥ አውጥታ ሳትታጠብ አቀፈችኝ፤ ኮቴ በሊጥ ተለወሰ። የመጣሁበትን ስነግራት ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ታደሰ? የእኔ ታደሰ? ለመስቀል እኮ መጥቶ ነበር! ቲማቲም በጆንያ ይዞልኝ መጣ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ግን አዝመራ ነው ብዬ...» ቃሏን አልጨረሰችም። «እናትህ ልክ ናት። ሳያዩ አይለቀስም።»

ያን ቀን ማታ ልቤ ተስፋ አደረገ። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ቲማቲም በጆንያ የተሸከመ ሰው የሚሞት አልመስል አለኝ።

እትዬ ወርቄ ለቀበሌው እንግዳ እንዳላት አስመዝግባ መጣች። የጋሼ ታደሰ አልጋ የነበረውን ሰጠችኝና አጎበር አወረደችልኝ። አጎበር አይቼ አላውቅም፤ ሙሽራ የተከለሉ ይመስላል። ሲነጋ የተማሪ መታወቂያዬን አስወጣችኝ። «በእጅህ ያዘው፤ ለውትድርና አፈሳ አለ። ቁመትህን አይተው ነው የሚያፍሱህ እንጂ ዕድሜህን አይጠይቁህም።» ፓፓያም በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችኝ። ባናውን ግን አስቀምጪልኝ ብላት አልተቀበለችኝም። «የእናትህን ዕቃ ከአንተ አልለይም፤ እንደያዝከው ግባ» አለች።

ረቡዕ

ወደ ሞጆ ተመለስኩና ወደ ደቡብ ታጠፍኩ። ቆቃን አልፈን መቂ፣ ከመቂ ዝዋይ። ግራና ቀኙ ግራር ነው። የእኛ አገር ዛፍ ነፋስ ያጎበጠው ነው፤ እነዚህ ግራሮች ግን ጃንጥላቸውን ዘርግተው ከብት ያስጠልላሉ። ከጎኔ የተቀመጡ ሽማግሌ ሲስቁ ጥርሳቸው ቡናማ ነበር። ብዙ ሰው እንዲሁ ነው። ጥርሳቸውን ሳይ አይተው «ውኃችን ነው» አሉኝ። «ጥርስ ያጠቁራል፤ ልብ ግን አያጠቁርም።»

ዝዋይ ስደርስ መሸብኝ። ያደርኩበት ቤት ባለቤት፣ ሻሽ ያሠረች ወፍራም ሴት፣ በትልቅ ሳህን የተጠበሰ አሣ አቀረበችልኝ። ከራሱ እስከ ጅራቱ፣ ዓይኑም አለ። አሣ በልቼ አላውቅም።

«ዛሬ ረቡዕ ነው እኮ» አልኳት።

«አሣ ደም የለው፣ ሰኮና የለው፣ ምኑ ይጾማል? ደግሞ ቄሱም ይበሉታል፤ አልነገርኩህም።»

በላሁ። እሾኩ ጉሮሮዬ ላይ ተሰነቀረ። ሴትዮዋ እየሳቀች የእንጀራ ጉርሻ ሳላኝክ አስዋጠችኝ፤ ጀርባዬንም መታችኝ። እሾኩ ወረደ። ስትመታኝ «የደጋ ሰው! የደጋ ሰው!» ትል ነበር። ቁጣዋ የእናቴን ይመስል ስለነበር ደስ አለኝ።

ሐሙስ

በማለዳ የሚሄድ አውቶቡስ ከዝዋይ ወደ አዳሚ ቱሉ በሚወስደው መንገድ ላይ አወረደኝ። ረዳቱ «እርሻው ይኸው» አለ። እውነትም ይኸው ነበር፤ በአራቱም ማዕዘን። በብስክሌት ያለፈ ዘበኛ ጠየቅሁ።

«የሠራተኞቹ ካምፕ የት ነው?»

«ሐይቁ ዳር።»

«ሐይቁስ የት ነው?»

እጁን ወደ አየር ወረወረ። «በዚህ ሄደህ፣ ሦስተኛውን ቦይ ስታልፍ፣ የነፋስ መከላከያውን ዛፍ ትይዝና የበቆሎው ብሎክ ሲያልቅ ትታጠፋለህ። ምኑ ይጠፋሃል?»

ሁሉም ጠፋኝ። መንገዱ የሒሳብ ደብተር ይመስላል፤ አንዱ መስመር አንዱን ያቋርጣል፣ ማዕዘኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። በቆሎው ከራሴ በላይ ነው። ሐይቁ ያን ያህል ሰፊ ሆኖ ሳለ አይታይም። ለካ ሜዳ ላይ ሐይቅ አይታይም! እኛ ውኃን የምናየው ከላይ ሆነን ነው፤ እዚያ ከውኃው ጋር እኩል ቆመው ነው የሚፈልጉት።

ከፍ ያለ ቦታ ፈለግሁ። ያገኘሁት ኩይሳ ብቻ ነበር፤ ከእኔ ቁመት ትንሽ ከፍ ይላል። ባናዬን መሬት አኑሬ ወጣሁበት። ጫፉ ላይ ቆሜ ያየሁት ሌላ በቆሎ ነው። ከዚያ ኩይሳው ከእግሬ ሥር ተናደ። ሱሪዬን አራግፌ ስነሣ የቀረኝ የአገሬ ብልሃት ሁለተኛው ነበር። ካምፑ ሐይቁ ዳር ነው፤ ውኃ ሁሉ ወደ ሐይቅ ይወርዳል፤ ስለዚህ ቦዩን ተከትዬ ብሄድ ሐይቁ ጋ እደርሳለሁ። በራሴ ኮራሁ።

ከአጠገቤ ሰፊ ቦይ ይፈስሳል። ተከተልኩት። ሄድኩ። ፀሐይዋ እየጋለች፣ ባናው እየከበደኝ ሄድኩ። ትልቁ ቦይ ወደ መካከለኛ ተከፈለ፣ መካከለኛው ወደ ትንሽ። ውኃው ወደ ሐይቁ በቀረበ ቁጥር መብዛት ነበረበት፤ ይሄ ግን እየቀጠነ ሄደ። በመጨረሻ የእጅ አንጓ ያህል ሆኖ የሽንኩርት መደብ ውስጥ ገባና አለቀ። እኔም እዚያው ቆምኩ።

ሽንኩርት የሚያርሙ ሴቶች ቀና አሉ።

«አንተ የባና ጌታ! ወዴት ነህ?»

«ወደ ሐይቁ።»

«ሐይቁ እኮ ከጀርባህ ነው!»

«ውኃውን ተከትዬ ነው የመጣሁት።»

ቦዩን አዩት፤ እኔን አዩኝ። ከዚያ ሳቁ። አንዷ ከመደቡ ላይ ቁጭ ብላ ሆዷን ይዛ ሳቀች። «ውኃው ወደ ሐይቁ የሚሄድ መስሎት! ከሐይቁ እየወጣ እኮ ነው!»

«ውኃ ወደ ታች ነው የሚሄደው» አልኩ ተናድጄ።

«እናንተ ዘንድ እግዜር ወዳዘዘው ይሄዳል። እዚህ ሞተር ወዳዘዘው።»

ለካ ሐይቁ ዳር ትልቅ ሞተር አለ። ውኃውን ከሐይቁ አንሥቶ ከፍ ተደርጎ በተሠራ ቦይ ላይ ይለቀዋል፤ ከዚያ ውኃው ከሐይቁ እየራቀ ማሳውን ሁሉ ያዳርሳል። ግማሽ ቀን ሙሉ ወደ ሐይቁ የሄድኩ መስሎኝ ሐይቁን ስሸሽ ነበር።

ሴቶቹ ዳቦና ቲማቲም ሰጡኝ። ቲማቲሙን ከአጠገባቸው ካለው መደብ ቀጥፈው፣ በቀሚሳቸው ጠርገው፣ ጨው ነስንሰው። የእኛ አገር ገበያ የሚመጣው ቲማቲም ደክሞት ነው የሚደርሰው። ያ ቲማቲም ፀሐዩን እንደያዘ ነበር። ዛሬም ጣዕሙን ሳስታውስ የሴቶቹ ሳቅ አብሮ ይመጣል።

ከመካከላቸው በዕድሜ የገፋችው ስታየኝ ቆየችና «ይህን አገጭ የት ነው የማውቀው?» አለች።

«ወንድሜ እዚህ ይሠራል» አልኩ። «ታደሰ ይባላል።»

ሳቁ ቆመ። ያቺ ሆዷን ይዛ ስትስቅ የነበረችው ዓይኗን ወደ መሬት አደረገች። ትልቋ በጣሳ ውኃ ቀድታ መጣችና የቲማቲሙን ጭማቂ ከእጄ ላይ አጠበችልኝ፤ እንደ ሕፃን። ያን ጊዜ አወቅሁ።

«ቃሲም ይንገርህ» አለችኝ። «ሞተሩ ጋ ውኃ የሚከፍተው። የወንድምህ ጓደኛ ነው። ዓይንህን ተወው፤ ጆሮህን ስጥ። ዱክ ዱክ የሚል ትሰማለህ? እሱ ወደሚጎላበት ሂድ።»

በእኛ አገር ድምፅ አይታመንም፤ ገደሉ ይመልሰዋል። እዚያ ግን ድምፅ ቀጥ ብሎ ይመጣል። ዱክ ዱክ የሚለውን ይዤ ሄድኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሐይቁ ድንገት እግሬ ሥር ተገኘ፤ ሰፊ፣ እንደ ወተት የደፈረሰ። ጎልማሳ ሰው፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረጉ፣ የቦዩን የብረት በር እያወረዱ ነበር። ቀና ብለው አዩኝ። ስሜን አልጠየቁም።

«ኮቱ፣ ኢልማ ኮ» አሉ። ና ልጄ ማለት ነው። ባናውን ከትከሻዬ አንሥተው ራሳቸው ተሸከሙት።

ቃሲም እሳቸው ነበሩ፤ ኦቦ ቃሲም ይሏቸዋል፣ አቶ እንደማለት። ቤታቸው ከካምፑ ወጣ ብሎ ነው። ባለቤታቸው አዴ ፋጡማ ወተት ሰጠችኝ፤ ጠጥቼ ሳልጨርስ ትሞላዋለች። ማታውን ሁሉ ስለ ላሞቻቸው አወሩኝ። ስለ ወንድሜ አንድም ቃል የለም። እኔም አልጠየቅሁም።

ዓርብ

ገና ሳይነጋጋ ኦቦ ቃሲም ቀሰቀሱኝ።

«እናንተም ዘንድ መርዶ በማለዳ ነው፤ ታደሰ ነግሮኛል» አሉ። ከዚያ ነገሩኝ። ትኩሳቱ በኅዳር ያዘው። በትራክተር ተጎታች ላይ አስተኝተው ወደ ዝዋይ ሐኪም ቤት ሲወስዱት መንገድ ላይ አረፈ። የሠራተኞቹ ዕድር ገነዘው፤ መቃብር ያወረዱት ግን እሳቸው ናቸው። አገሩን መንዝ ከማለት በቀር የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣ ሾፌር ባገኙ ቁጥር ይነግሩ ነበር። ለስንት ሾፌር እንደነገሩ አያውቁም። አንዱ ደረሰ።

መቃብሩ እርሻው ዳር ካለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። እኛ ዘንድ መቃብር ድንጋይ ይከመርበታል። እዚያ ድንጋይ የለም፤ የሚቆፈረው ሁሉ አፈር ነው። አፈሩ እየሰጠመ ስለሚሄድ ኦቦ ቃሲም በየጊዜው እየመጡ ይከምሩለታል። ትኩስ አፈር ነበረበት። ቆሜ አየሁት። እናቴ ሳታለቅስ እንዴት ላልቅስ? ጥርሴን ነክሼ ተመለስኩ።

በመንገዱ ላይ የእናቴን ቃል ነገርኳቸው። «ቀባሪውን ካላየች አታለቅስም። ሳታለቅስ ደግሞ አትተርፍም፤ እህል ትታለች። አብረውኝ ይምጡልኝ።»

ኦቦ ቃሲም ቆሙ። «እኔ? መንዝ?» አሉ። «ኢልማ ኮ፣ እኔ ከናዝሬት አልፌ አላውቅም። ውኃውንስ ማን ይከፍታል? ያየኸውን አንተ ንገራት፤ ልጇ አይደለህ?»

«እኔ ቀባሪ አይደለሁም።»

እርምጃቸውን አፈጠኑ። ቤት ስንደርስ አዴ ፋጡማ ላም ታልባለች። በኦሮምኛ ነገሯት። እሷ ግን የመለሰችው በአማርኛ ነው፤ እኔም እንድሰማ ይመስለኛል።

«የወለደች ሴት እንባዋን ይዛ ቁጭ ብላለች፤ አንተ ቦይ ትጠብቃለህ?»

«ተራዬ ነው እኮ።»

«ያ ልጅ ትኩሳት ይዞት ሳለም ተራህ አልነበረም? ታዲያ ተጎታቹ ላይ ለምን ወጣህ? ልጁን አድርሰህ እናቱን መንገድ ላይ ትተዋለህ?»

ኦቦ ቃሲም ፊታቸውን ቋጥረው ወደ ጁምዓ ሄዱ። አዴ ፋጡማ «አትፍራ፤ የሚናደደው ልክ ስሆን ነው» አለችኝ። ልቤ ግን አላረፈም። ባዶ እጄን ተመልሼ እናቴ ፊት ስቆም እየታየኝ፣ ከግራሩ ሥር ተቀምጬ መንገዱን ጠበቅሁ። ከስግደት ሲመለሱ ቀጥ ብለው ወደ ቤት ገቡ። በትራቸውን ከጣሪያው ሥር መዘዙ፣ ጫማቸውን ጠረጉ። ከዚያ «ጓደኛዬ ተራዬን ይሸፍናል። የክፍሉ ኃላፊም ጥቂት ቀን ፈቅዶልኛል» አሉ። «አድርሼ እመለሳለሁ። እናንተ ቤት አላድርም።»

ከቅዳሜ እስከ ሰኞ

ስወርድ እንግዳው እኔ ነበርኩ። ስንወጣ ተገላበጠ። ቅዳሜ ናዝሬት እትዬ ወርቄ ዘንድ አደርን። ኦቦ ቃሲምን ስታይ መልሱን አወቀችው፤ አልጠየቀችም። ሥጋችንን እንደማይበሉ ታውቅ ነበርና በአዲስ ድስት ሽሮ ሠራችላቸው። እሑድ ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ ጥርሳቸውን አንቀጫቀጨው። ባናውን አለበስኳቸው። ቆላ ሙሉ የተሳቀብኝ ባና ሥራውን አገኘ።

ሰኞ በእህል ጫኚ መኪና ወጣን። ገደሉን ሲያዩ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዴን ያዙ።

«ይህን አገር ማን አጣጠፈው?» አሉ።

ከመኪናው ወርደን በእግር ስንሄድ ቤታችንን ከማዶ አሳየኋቸው። ጭሱ ይታያል።

«አልሐምዱሊላህ፣ ደረስን።»

«አልደረስንም። መጀመሪያ ወርደን፣ ወንዙን ተሻግረን መውጣት አለብን።»

ቁጭ አሉ። «እኛ ዘንድ ሳላየው እደርሳለሁ። እናንተ ዘንድ እያየሁት አልደርስም!»

ቁልቁለቱን እጃቸውን ይዤ አወረድኳቸው። እግራቸውን የት እንደሚያኖሩ እኔ እነግራቸዋለሁ። ወንድሜን ያወረዱበትን እጅ እንደያዝኩ ያሰብኩት ከወንዙ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ልለቀው አልቻልኩም።

ግቢያችን ስንደርስ መጀመሪያ ያየን አጎቴ በላቸው ነው። ነጭ ቆቡንና ባናውን አይቶ ከመቀመጫው ተነሣ። እናቴ በር ላይ ወጣች። ወደ እኔ አላየችም።

«አንተ ነህ?» አለቻቸው።

«እኔ ነኝ፣ እናቴ።»

«በእጅህ?»

«በእጄ። ቄሱ ጸለዩ፤ እኔ ቆፈርኩ። ሲወርድ ራሱን የያዝኩት እኔ ነኝ።»

«ሲሞት ብቻውን ነበር?»

«አልነበረም። ራሱ ጉልበቴ ላይ ነበር።»

«ምን አለ?»

«ውኃ አለ። ሰጠሁት።»

«ጠጣ?»

«ጠጣ።»

«አፈሩስ?» አለች።

«ለስላሳ ነው፤ ድንጋይ የለውም።»

እኛ ዘንድ መቃብር በዶማ አይቆፈርም፤ በብረት እየተፈነቀለ ነው። አባታችን ሲቀበር ድንጋዩ ሲጮኽ እናቴ ጆሮዋን ይዛ ነበር። ራሷን ነቀነቀች። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና አዘቅዝቃ ለበሰችው። ከዚያ ስሙን ጠራችው። ድምፅዋ ከጥግ እስከ ጥግ ሄደ። አጎቴ በላቸው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጎረቤቱ ነጠላውን እያዘቀዘቀ ይሮጥ ጀመር፤ ለካ ሁሉም ያን ሁሉ ጊዜ ይጠብቅ ነበር። እኔም ያን ጊዜ አለቀስኩ። ኦቦ ቃሲም በትራቸውን ተደግፈው፣ ሰዉ መካከል፣ ፊታቸውን ሳይከልሉ አለቀሱ።

እናቴ ደረቷን እየመታች ሙሾ አወጣች፦

እኔ ሳልኖርልህ ያለበሰህ አፈር፣
ይኸው ቤቴ መጣ የሩቅ ዘመድ ሊያድር።

ሴቶቹ ተቀበሏት። ዜማው ቃሉን ስለዋጠባቸው ኦቦ ቃሲም ጎንበስ ብለው ወደ ጆሮዬ ቀረቡ።

«ወደ እኔ እያየች ነው። ምን አለች?»

«ዘመዳችን ሊያድር መጣ አለች።»

ፀሐይዋ ገና ነበረች። በወጣንበት መንገድ ለመመለስ ጊዜ አልጠፋም። መንገዱን አዩት፣ እናቴን አዩዋት። ከዚያ በትራቸውን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ከወንዶቹ ጋር መሬት ላይ ተቀመጡ።

«አድራለሁ በላት» አሉኝ።